ሲመክሩን አሥራ ሁለት፣ ሲከሱን ሠላሳ አራት ኪሎ ስለሚመዝነው ሸክም

ቢቸና፣ ነሐሴ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ቀለሙ ወልደ ሰንበት
የአማራጭ ማገዶ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

ክቡር ጓድ ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የነሐሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? መመሪያ የሚጽፍ እጅ በብርድ ደንዝዞ አንድ መመሪያ እንኳ ቢቀርብን የምንጎዳው እኛ ነንና፣ ጣትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛ ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ብቻ ናት፤ ከሐሙስ ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ ክስ በቀበሌያችን መጋዘን ታስራለች፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እርሷ ነው።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ላሳውቅ። ሰብለ ወንጌል አካለ ወልድ እባላለሁ። አባቴ ደብረ ወርቅ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኔ ሴት ነኝና ከጉባኤው አልተቀመጥኩም፤ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ጥጥ ስፈትል ግን ጆሮዬን የሚይዝብኝ አልነበረም። ፊደሉን ደግሞ እናንተ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማራችሁኝ፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ቢያስከፋዎ ከጥፋቱ እኩሌታው የራሳችሁ ነው። መተዳደሪያዬ አረቄ ማውጣት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከእሳት ፊት ተቀምጫለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ ከመላክ ይልቅ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ሂስ በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ መሰጠት አለበት ብላችሁ በየስብሰባው ስለመከራችሁን ነው፤ ምክር የሚሰማ ሰው አላገኘንም እንዳትሉ። የቢቸናው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ ገልብጦ እንደሚያደርስልዎ አልጠራጠርም።

አንደኛ፣ ከወቀሳ ምስጋና ይቀድማልና፣ ሰኔ ላይ ስላስለጠፉት «ቤትን በእንጨትና በእንክብል ማገዶ የማሞቅ ወጪ ንጽጽር» ስለሚባለው መግለጫ ከልብ አመሰግናለሁ። እንክብል ማገዶ ማለት የጤፍ ጭድ በሞላሰስ ተለውሶ፣ ሞጣ ባለው የመጭመቂያ መኪና ተጨምቆ፣ አውራ ጣት አክሎ የሚወጣው መሆኑን፣ ኪሎውም በቀበሌው ሱቅ አሥር ሳንቲም መሆኑን ያወቅነው ከዚያ ነው። መግለጫው እንዲህ ይላል፤ አንድ ሸክም እንጨት በቢቸና ገበያ አንድ ብር ከሃምሳ ይሸጣል፤ አንድ ሸክም አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የእንጨት ኪሎ አሥራ ሁለት ሳንቲም ተኩል ይወጣል፤ ስለዚህ በእንጨት የሚሞቅ ሰው በየኪሎው ሁለት ሳንቲም ተኩል ምድጃው ውስጥ ይጥላል፤ ስለዚህ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ እንጨት ተሸክሞ ወደ ከተማ የገባ በኪሎ ሃያ አምስት ሳንቲም ይቀጣል። ይህን ያህል «ስለዚህ» ከአባቴ ጉባኤም ሰምቼ አላውቅም።

የዚህ ሁሉ ስሌት መሠረት የሆነችው አሥራ ሁለት ኪሎ ከየት እንደመጣች ምናልባት አልነገሩዎትም ይሆናል። እኔ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ደጄ ላይ ብቅል ሳሰጣ አይቻለሁና ልንገርዎ። ግንቦት ላይ የላኩት ባለሙያ ሚዛኑን በአዳራሹ በር ተክሎ አንድ ደንበኛ ሸክም እንዲያመጡለት ጠየቀ። እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች በዚያ ሰዓት እንጨት ተሸክመው መንገድ ላይ ነበሩ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ለስብሰባ የተቀመጡ ወንዶች ናቸው። ከመካከላቸው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሣህለ ማርያም ለአብዮቱ ሲሉ በፈቃዳቸው ተነሡ። በእኛ አገር ወንድ እንጨት በጀርባው አያዝልም፤ ግድ ሲሆንበት ሁለት ሦስት ፍልጥ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አጥር ሊያጥር የሚሄድ መስሎ ያልፋል። ጓድ ሣህለ ማርያምም ክብራቸውን ጠብቀው፣ ከአዳራሹ ጓሮ እስከ አዳራሹ በር፣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፈው፣ የወንድ ሸክም አመጡ። አሥራ ሁለት ኪሎ ሆነ፤ ተጨበጨበ፤ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። ባለሙያው ከተማ ያደገ ነውና አልፈርድበትም። በሸክም ስም የመዘነው የአንድ ሊቀ መንበር ይሉኝታ መሆኑን ከየት ያውቃል?

የሴት ሸክም እንዴት እንደሚሆን ቢጠይቀን እንነግረው ነበር። ገመዱ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ እንጨቱ ይደረደርበታል፣ ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ጓደኛዋ ከኋላ ስትደግፍ እርሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትነሣለች። ከተነሣች በኋላ ከተማ እስክትገባ አትቀመጥም፤ ብቻዋን ሁና ከተቀመጠች የሚያነሣት የለምና። ያን ዕለት ግን የጠየቀን የለም።

ሁለተኛ፣ ሳትሞክረው አማችው እንዳልባል እንክብሉን ሞክሬዋለሁ። በአንድ የሴት ሸክም እንጨት ሦስት ጊዜ አረቄ አወጣለሁ፤ በዚያው ኪሎ እንክብል አንድ ጊዜ አውጥቼ ሁለተኛው ላይ እሳቱ ለስብሰባ እንደተጠራ ሰው ጥሎኝ ሄደ። ስለ ንግዴ ግን አልከስም፤ ለአረቄ የሚቆረቆር መመሪያ እንደሌለ አውቃለሁ። ንጽጽሩ ስለ ሙቀት ነውና ስለ ሙቀት እንነጋገር። እንጨት ነዶ ሲያበቃ ፍም ይተዋል፤ ፍሙን ማታ በአመድ ያዳፍኑታል፣ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት እንደ ቀላ ይጠብቃል፤ ቤቱ እሳት የጠፋበት ጎረቤትም በገል ጭሮ ይሄዳል። እንክብል ከነደደ በኋላ የሚዳፈን ነገር አይተውም። ስለዚህ፣ የእናንተን ቃል ልዋስና፣ ጠዋት ጠዋት ክብሪት ያስፈልጋል፤ ክብሪት ደግሞ በቀበሌው ሱቅ ለአንድ ቤተሰብ በወር አንድ ፓኮ ነው፣ እርሱም ሲገኝ። የክብሪቱ ዋጋ በንጽጽሩ ውስጥ አልገባም። እሳት ልጫር ብሎ የሚመጣ ሰው ስለቀረ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሳይተያይ መዋሉም አልገባም፤ ለዚህኛው ስንት ሳንቲም እንደሚባል እኔም አላውቅም።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ መጋዘን ያለው እንክብል እርጥበት ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እኩሌታው ወደ ጭድነቱ ተመለሰ። ያ ጭድ መጀመሪያ ከየገበሬው ደጅ የተወሰደው መዋጮ ተብሎ ነበር። እንግዲህ የቢቸና ጭድ በመኪና ሞጣ ሄደ፣ ተጨመቀ፣ በመኪና ቢቸና ተመለሰ፣ ጭድ ሆነ። ለናፍጣው ማን እንደከፈለ አልጠይቅም። ከሥራው የተጠቀመ ማንም የለም ማለት ግን ሐሰት ነው፤ የጓድ ሣህለ ማርያም ሁለት በሬዎች በመጋዘኑ በር ሥር የፈሰሰውን ቀምሰው ሞላሰሱን ስለወደዱት፣ በዚህ ክረምት በከተማችን የወፈሩት እነርሱ ብቻ ናቸው። የገበሬው በሬዎች ግን ያን ጭድ ሲጠብቁ አጥንታቸው ወጥቷል፤ ለእነርሱ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን አቤቱታ ጽፌ ለጎረቤቴ ለስንቄ ባነብላት ፊቷ ተለዋወጠና በሩን ዘጋችው። ስለዚህ ሰርዤዋለሁ። ተራ ቁጥሩን ግን አልሰረዝኩም፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንደነበረ ይታወቅልኝ።

አራተኛ፣ ወደ ዋናው ልምጣ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓይናቸው የጠፋ አማቷን፣ እማሆይ ወለተ ሐናን፣ በእንጨት ሸክም የምታስተዳድር ሴት ናት። ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉትን ባሕር ዛፎች የተከላቸው ሟች ባሏ ነበር፤ የማኅበር ደን ከተባሉ ወዲህ ከሥራቸው የወደቀውን ቅርንጫፍ ትለቅማለች እንጂ ነክታቸው አታውቅም። ባለፈው ሐሙስ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ ዕለት፣ የለቀመችውን አዝላ ስትመጣ ኬላው ላይ ተያዘች። መመሪያው የወደቀና የቆመ እንጨት አይለይም፤ በዚህ አልከራከርም። ሸክሟ ተመዘነ፤ ሠላሳ አራት ኪሎ ሆነ። የተሰጣት ደረሰኝ «አንድ ሸክም የባሕር ዛፍ እንጨት፣ 34 ኪሎ፣ ቅጣት ብር 8.50» ይላል፤ ማኅተሙ የጽሕፈት ቤትዎ ነው፣ ከመግለጫው ማኅተም ጋር አስተያይቼዋለሁ።

ጥሩአየሁ በጠባቂ ታጅባ በደጄ ስታልፍ ደረሰኙን አነበብኩላት። ከዚያም አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ መግለጫው አንድ ሸክም አሥራ ሁለት ኪሎ ነው እንደሚል፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ ሦስት ብር ብቻ እንደሚሆን ነገርኳት። እርሷም ሄዳ ከመቀነቷ ሦስት ብር ፈትታ ለገንዘብ ተቀባዩ ቆጥራ ሰጠች። ቀሪውን አምጪ ሲሏት፣ «አንድ ሸክም አሥራ ሁለት ኪሎ ነው ብላችሁ የለጠፋችሁ እናንተው፤ እኔ ያዘልሁት አንድ ሸክም፤ ሌላውን ያዘለ ካለ እሱን ጠይቁት» አለች። በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥሩአየሁ አልሳቀችም፤ የነገርኳትን አምና፣ የምታውቀውን እውነት ነበር የተናገረችው።

የታሰረችው ሌሎች ስለሳቁ ነው። በማግስቱ አምስት ብር ከሃምሳውን ልክፈል ብዬ ብሄድ፣ ነገሩ ከገንዘብ አልፏል ተባልኩ። ክሱ «በመንግሥት መመሪያ ላይ ማላገጥ» ተብሎ ለዓርብ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተቀጥሯል፤ ከዚያም ወደ አውራጃው ወህኒ ቤት ልትላክ እንደምትችል ጓድ ሣህለ ማርያም በታላቅ ሐዘን ነግረውኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው፤ የሳቁት ሠላሳ ሰዎች ይሆናሉ፣ ከእነርሱም ሁለቱ የቀበሌ ጥበቃ ናቸው።

ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። መቆለፊያ ያለው ክፍል የእንክብሉ መጋዘን ብቻ ስለሆነ እዚያ ገብታለች። ስለዚህ በዛሬዋ ቀን በቢቸና ከተማ ከሁሉ ይበልጥ በአማራጭ ማገዶ የተከበበች ሴት ጥሩአየሁ ናት፤ በብርድ ጥርሷ ሲፋጭ የምታድረውም እርሷው ናት። ይህንን ውጤት በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ላይ እንዲያካትቱት በትሕትና አሳስባለሁ። እማሆይ ወለተ ሐናን ወደ ቤቴ አምጥቻቸዋለሁ። ጥሩአየሁ ደብረ ወርቅ ማርያም ሱባኤ ገባች ብያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ደስ ብሏቸው ሲመርቋት ይውላሉ። በፍልሰታ ጾም፣ ዓይነ ሥውር መነኩሴን በቀን ሦስት ጊዜ እየዋሸሁ ነው፤ ከቻሉ ይህንንም ከማሞቂያው ወጪ ላይ ይደምሩልኝ።

አምስተኛ፣ እንግዲህ ክቡር ጓድ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሸክም ሠላሳ አራት ኪሎ ከሆነ፣ አንድ ብር ከሃምሳ ለሠላሳ አራት ሲካፈል የእንጨት ኪሎ አራት ሳንቲም ተኩል አይሞላም። የእንክብል ኪሎ አሥር ሳንቲም ነው። እንግዲያው እንክብሉ ከእጥፍ በላይ ይወደዳል፤ መግለጫው ሐሰት ነው፤ በመግለጫው የተነሣ የመጣው ክልከላም መቆሚያ የለውም። አንድ ሸክም አሥራ ሁለት ኪሎ ከሆነ ደግሞ መግለጫው እውነት ነው፤ ጥሩአየሁም ዕዳዋን ሦስት ብር ከፍላ ጨርሳለች፤ አሁን የታሰረችው በዓለም ላይ በሌለ ሃያ ሁለት ኪሎ እንጨት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገባው ነበር። እርሱ ግን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ ሲመክረን የጓድ ሣህለ ማርያምን ሸክም ያወጣል፤ ሲከሰን የጥሩአየሁን።

አባቴ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር ቅኔ ነው ይሉ ነበር። አንድ ቃል ሁለት ሚዛን ሲሆን ምን እንደሚባል ግን ሳይነግሩኝ ሞቱ። እኔም የእርሳቸው ልጅ ነኝና አንዲት ልሞክር፤ «እንጨት ማገዱ ሰው ማገደ»። የፊተኛው ከመከልከል ነው፣ የኋለኛው እሳት ውስጥ ከመጨመር። ደብረ ወርቅ ብትሰማ ከጉባኤ ታስወጣኛለች፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ግን ትበቃለች ብዬ ነው።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እስከ ዓርብ ለፍርድ ሸንጎው አንድ መስመር ይጻፉለት፤ አንድ ሸክም ስንት ኪሎ ነው? አሥራ ሁለት ነው ካሉ ሴትዮዋ ትፈታ። ሠላሳ አራት ነው ካሉ መግለጫው ይነሣና ሴትዮዋ ትፈታ።

ማላገጥ የሚለውን በተመለከተ ሸንጎው ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ላስመዝግብ። ጥሩአየሁ መግለጫውን አላነበበችም፤ ማንበብም አትችልም፤ ዘመቻው በመጣ ጊዜ እንጨት ለቀማ ላይ ነበረች። ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ያሰላሁላት እኔ ነኝ፤ ሦስት ብር ይበቃል ያልኳት እኔ ነኝ። የእርሷ ጥፋት እኔን ማመኗ ነው። ያን ዕለት በመመሪያችሁ ላይ ሳላግጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጥርጥር ቢኖር ይህ ደብዳቤ ማስረጃ እንዲሆን ነው በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት። ጎረቤቶቼ ስምሽን አትጻፊ ብለው ለምነውኛል። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን በእኔ ቀልድ ሰው ታስሮ እኔ ከምድጃዬ ዳር ተቀምጬ መሞቅ አልቻልኩም፤ እሳቱ አጠገቤ እየነደደ ይበርደኛል። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጋቢዬን ይዤ ከአዳራሹ በር እገኛለሁ። እርሷ ትውጣ፣ እኔ ልግባ።

ሚዛንዎም እንደ ልብዎ አንድ እንዲሆን እየጸለይኩ፣ የሊቀ መንበራችን በሬዎች ለመጪው እርሻ እንዲደርሱ እየተመኘሁ፣ በኪሎ ተመዝኖ በማያውቅ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሰብለ ወንጌል አካለ ወልድ
አረቄ አውጪ፣ የቤት ቁጥር 117
ከአዳራሹ ፊት ለፊት፤ ፈልገን አጣናት እንዳይባል

ግልባጭ፤
ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ
ለጓድ ሣህለ ማርያም፣ ከነሚዛናቸው
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከመግለጫው ጎን

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። የሸንጎው ጸሐፊ ለዓርብ ኤግዚቢቱ ይቅረብ ብሎ ቢፈልግ፣ የጥሩአየሁ ሠላሳ አራት ኪሎ እንጨት የለም። ከቢቸናው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ግን ከተያዘችበት ማግስት ጀምሮ የባሕር ዛፍ ጭስ እየወጣ ነው፤ ሽታውን በመንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሠራተኞችዎን አልወቅስም፤ ነሐሴ ነው፣ ይበርዳል። ነገር ግን ዓርብ ሸንጎው በዚህ እንጨት ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ያዘለችው ብቻዋን እንዳትቆም፣ የሞቁትም መጥተው ከጎኗ እንዲቆሙ ከሥራ ፈቃድ ይስጡልን።